ደጋግሞ የሚበላሽ የፋይል ሥርዓት፦ መንስኤውን ፈልጎ የማግኛ መመሪያ

ኤሌክትሪክ በድንገት ተቋርጦበት የነበረ ኮምፒውተር ሲነሣ ዲስኩን መፈተሽ ቢጀምርና ጥቂት ስህተት አግኝቶ ቢያርም ብዙ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ በመካከል የተቋረጠውን ሥራ ማስተካከሉ ነው። ያው ስህተት በሳምንቱ ሲመለስ፣ ታርሞም በወሩ ዳግመኛ ብቅ ሲል ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የመጠገኛውን ፕሮግራም ደጋግሞ ማስኬድ፣ ሲሰለቸውም ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ይህ ድካም አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ የሚቀረው፣ መጠገኛው ፕሮግራም የሚያርመው የተሳሳተውን ጽሑፍ እንጂ የሚያሳስተውን እጅ ባለመሆኑ ነው። የዚህ መመሪያ ዓላማ ያንን እጅ ማግኘት ነው።

የፋይል ሥርዓት ማለት በዲስኩ ላይ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚመዘገብበት የመጋዘን መዝገብ ነው። እንደ ዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስና እንደ ሊኑክሱ ኤክስት4 ያሉት ሥርዓቶች መዝገቡን ከመለወጣቸው በፊት ሊያደርጉት ያሰቡትን ጆርናል በሚባል የቅድሚያ ማስታወሻ ላይ ስለሚጽፉ፣ ሥራው በመካከል ቢቋረጥ ጆርናሉን አንብበው መዝገቡን ወደ ትክክለኛው ሁኔታ ይመልሱታል። ሆኖም ጆርናል የሚጠብቀው ከመቋረጥ ብቻ እንጂ ከሐሰት አይደለም። ዲስኩ ያልጻፈውን ጽፌአለሁ ካለ፣ ራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) አንዱን ቁጥር በሌላ ከለወጠው፣ ኬብሉ በመካከል ዲስኩን ከሰወረው፣ ወይም ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በጀርባ ገብቶ በዚያው መዝገብ ላይ ከጻፈ፣ ጆርናሉ ምንም ሊያደርግ አይችልም። በዘመናዊ የፋይል ሥርዓት ላይ መበላሸት ሲደጋገም ከእነዚህ አንዱ እየሆነ ነው ብሎ መነሣት ተገቢ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ፋይሎችዎን ያውጡ

የመጀመሪያው ሥራ ጥገና ሳይሆን ያለውን ማትረፍ ነው። መጠገኛ ፕሮግራም ሁለት ምዝገባዎች ሲጋጩበት አንዱን ጥሎ ሌላውን ያጸናል፤ ግቡ መዝገቡ ከራሱ ጋር እንዲስማማ ማድረግ እንጂ የእርስዎን ፋይል ማዳን ስላልሆነ፣ ከጥገናው በፊት ሊነበብ ይችል የነበረ ፋይል ከጥገናው በኋላ ተቆራርጦ ሊገኝ ይችላል። በዊንዶውስ ቼክዲስክ ከሚባለው መጠገኛ በኋላ ስሙ በ«ፋውንድ» የሚጀምር ስውር ፎልደር ሲፈጠር፣ በሊኑክስም «ሎስት ፕላስ ፋውንድ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ስም የለሽ ቁርጥራጮች ሲከማቹ የሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ያዘጋጁና መተኪያ የሌላቸውን ፎቶዎች፣ ሰነዶችና የሥራ ፋይሎች አስቀድመው ይገልብጡ፤ እንደገና ከኢንተርኔት ሊወርድ የሚችለው ሁሉ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም አንድ ትንሽ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች ከፈጀ፣ ቼክዲስክን በአር (/r) አማራጭ ማስኬድ አደገኛ ነው፤ ይህ አማራጭ የክፍልፋዩን (ዲስኩ ከተከፈለባቸው ክፍሎች የአንዱን) እያንዳንዱን ሴክተር፣ ማለትም ትንሽ የማከማቻ ቁራጭ፣ ስለሚያነብ ሊሞት የተቃረበን ዲስክ ለብዙ ሰዓታት ያደክመዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮምፒውተሩን ከሊኑክስ ፍላሽ አስነሥቶ፣ ዲዲሬስኪው በሚባለው የጂኤንዩ ፕሮግራም መላውን ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይሻላል። ፕሮግራሙ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይወስድና አስቸጋሪውን ክፍል ለመጨረሻ ያቆየዋል፤ የደረሰበትንም በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ጥገናው የሚሞከረው ከዚያ በኋላ፣ ያውም በቅጂው ላይ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፦ አዲሱን ቅጂ በቀድሞው ባክአፕ ላይ አይጻፉበት። የፋይል ሥርዓቱ ሲበላሽ የቆየ ከሆነ፣ ዛሬ ከሚገለበጡት ፋይሎች አንዳንዶቹ ውስጣቸው የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ በአሮጌው ቅጂ ላይ ከተጻፉ ጤነኛው የሚጠፋው በገዛ እጅ ነው። ሰዎች የዓመታት ፎቶዎቻቸውን የሚያጡት ብዙ ጊዜ ዲስኩ በሞተበት ቀን ሳይሆን በዚህች ቅጽበት ነው።

ማስታወሻ መያዝና የሲስተሙን መዝገብ ማንበብ

ችግሩ የሚደጋገም መሆኑ ራሱ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ ግን ማስረጃ የሚሆነው ከተጻፈ ብቻ ነው። ስህተቱ የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ የትኛው ክፍልፋይ እንደተበላሸ፣ ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ ምን ሲያደርግ እንደነበረ በደብተር ይያዙ። ስህተቱ የሚመጣው ሁልጊዜ ከስሊፕ ሲነሣ ነው? ትልልቅ ፋይሎች ከተገለበጡ በኋላ ነው? በአንድ የውጭ ዲስክ ላይ ብቻ ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ የተበላሸው አንድ ዲስክ ብቻ ነው ወይስ ሁለት? በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች በተራ ሲበላሹ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አርጅተዋል ብሎ ከመገመት ይልቅ የሚጋሩትን ነገር፣ ማለትም ራሙን፣ ማዘርቦርዱን ወይም ፓወር ሰፕላዩን መጠርጠር ይበልጥ ያስኬዳል። በተቃራኒው አንዱን ዲስክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢያዛውሩትና እዚያም ቢበላሽ፣ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ይዞራል።

ዊንዶውስ ደግሞ የራሱን ማስታወሻ ይይዛል። ከስታርት ሜኑ «ኢቨንት ቪውወር»ን ይክፈቱና «ዊንዶውስ ሎግስ» ከሚለው ሥር «ሲስተም» የሚለውን ይምረጡ። ከኤንቲኤፍኤስ የሚመጣው ቁጥር 55 የፋይል ሥርዓቱ መዋቅር መበላሸቱን ይናገራል፤ ይህ ግን ውጤቱ ነው፤ ምክንያቱ የሚፈለገው ከእርሱ በፊት በነበሩት ሰዓታት ነው። ቁጥር 7 ዲስኩ ላይ የማይነበብ ቦታ መገኘቱን፣ ቁጥር 11 የመቆጣጠሪያ ስህተትን፣ ቁጥር 129 ዲስኩ መልስ አልሰጥ ብሎ እንደገና እንዲነሣ መደረጉን፣ ቁጥር 153 አንድ የማንበብ ወይም የመጻፍ ሥራ መደገሙን ያመለክታሉ። ከርነል ፓወር የሚባለው ምንጭ የሚመዘግበው ቁጥር 41 ደግሞ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ይገልጻል። ከ55 በፊት 7 ከበዛ ዲስኩን፣ 129 ወይም 153 ከበዛ ኬብሉን፣ ኃይሉንና መቆጣጠሪያውን አስቀድመው ይመርምሩ። 55 ደጋግሞ እየመጣ ከዲስኩ በኩል አንድም ቅሬታ ካልተመዘገበ፣ እኔ ያለ ማመንታት የምሄደው ወደ ራሙ ነው፤ ዲስኩ የተሰጠውን በትክክል ጽፎ፣ የተሰጠው ራሱ ስህተት ሊሆን ይችላልና።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚካሄደው የቼክዲስክ ፍተሻ ዘገባም በ«አፕሊኬሽን» ሥር «ዊንኢኒት» በሚል ምንጭ፣ በቁጥር 1001 ይገኛል። በሊኑክስ የከርነሉን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) መልእክቶች ማንበብ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል።

ዲስኩን መመርመር

ዲስኮች ስለ ራሳቸው ጤንነት የሚይዙት ስማርት የሚባል መዝገብ አላቸው። በዊንዶውስ ክሪስታልዲስክኢንፎ፣ በሊኑክስ ስማርትሲቲኤል ያነቡታል። ላይኛው ላይ «ጉድ» ወይም «ፓስድ» የሚል ቃል ማየት አይበቃም፤ ወደ ዝርዝሩ ወርደው አራት ቁጥሮችን ይፈልጉ። ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ ቦታ የተተኩትን ሴክተሮች፣ ቁጥር 197 ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ቁጥር 198 ከናካቴው ሊነበቡ ያልቻሉትን ይቆጥራሉ፤ ቁጥር 199 ደግሞ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸውን መረጃ ይቆጥራል። ክሪስታልዲስክኢንፎ ተራ ቁጥሮቹን በአሥራ ስድስት ቤት ስለሚጽፍ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ሲ5፣ ሲ6 እና ሲ7 ሆነው ይታያሉ።

197 ወይም 198 ከዜሮ በላይ ከሆኑ ዲስኩ ለአስፈላጊ ፋይል መታመኑ አብቅቷል ብዬ እወስዳለሁ። ቁጥር 5 ትንሽ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ካልጨመረ ሊታገሡት ይችላሉ፤ በየሳምንቱ ካደገ ግን ዲስኩን ይቀይሩት። 199 ወደ ዜሮ የማይመለስ ቁጥር ስለሆነ የሚታየው ብዛቱ ሳይሆን ዕድገቱ ነው፤ ዛሬ ያለውን ይጻፉና ከሳምንት በኋላ ያወዳድሩ። ኤንቪኤምኢ በሚባሉት ኤስኤስዲዎች (የሚሽከረከር ክፍል በሌላቸው ፈጣን ዲስኮች) እነዚህ ተራ ቁጥሮች የሉም፤ በምትካቸው የመረጃ ትክክለኛነት ስህተቶችን፣ የቀረውን መጠባበቂያ ቦታና በሥርዓት ያልተዘጋበትን ብዛት የሚያሳዩትን መስመሮች ያንብቡ።

ስማርት ንጹሕ መሆኑ ዲስኩን ነጻ አያወጣውም። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ ከሞቱት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋና በተባሉት አራት የስማርት ምልክቶች አንድም ነገር አላሳዩም ነበር። በመሆኑም መጥፎ ቁጥር ሲታይ ማመን፣ ጥሩ ቁጥር ሲታይ ግን ፍለጋውን መቀጠል ይገባል።

ኬብልና ኃይል

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ሥራውም ቀላል ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ሳታ የሚባለውን የዲስኩን የመረጃ ኬብል በሌላ ይተኩ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውንም መሰኪያ ይለውጡ። ሁለቱን በአንድ ቀን አይለውጡ፤ ችግሩ ቢጠፋ የትኛው እንዳጠፋው ማወቅ አይቻልምና። ዲስኩ ኃይል የሚያገኘው ከብዙ ነገር ጋር በተጋራ ማከፋፈያ ከሆነ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ መስመር ላይ ይሰኩት። ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ ሲሠራ ብቻ ዲስኩ የሚሰወር ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ሊጠረጠር ይገባል።

በዩኤስቢ የሚሠሩ የውጭ ዲስኮች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። መደበኛ የዩኤስቢ 2 መሰኪያ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ የራሱ ኃይል በሌለው ማባዣ ላይ ሁለት ሦስት መሣሪያ ሲሰካ ይህ ይከፋፈልና ዲስኩ በመጻፍ ላይ እያለ ለቅጽበት ይሞትና ይነሣል። እንዲህ ያለውን ዲስክ በአጭርና ጥሩ ኬብል በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ መሞከር ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ሁኔታ ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ (ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) መግዛት ዲስክ ደጋግሞ ከመግዛት ይቀላል።

ራም፦ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ተጠርጣሪ

ወደ ዲስክ የሚጻፍ ነገር ሁሉ አስቀድሞ በራም ውስጥ ያልፋል፤ ከራም ብልሽት ቀድሞ የሚመጣብን ሐሳብ ግን ሰማያዊ ስክሪን ነው። አንዲት ቢት ከዜሮ ወደ አንድ የተለወጠችው ማንም በማይጠቀምበት ቦታ ከሆነ ምንም አይታይም፤ በፕሮግራም ላይ ከሆነ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ የፋይሉን መገኛ በያዘው መዝገብ ላይ ከሆነ ግን ያ የተሳሳተ አድራሻ እንደ ትክክለኛ ተቆጥሮ ወደ ዲስኩ ይጻፋል። ስህተቱ የሚገለጠው ከቀናት በኋላ ያ ፋይል ሲፈለግ ነው፤ ተወቃሹም ዲስኩ ይሆናል። እኔም በአንድ ወቅት ሁለት ዲስክ ቀይሬ፣ ዊንዶውስንም ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጭኜ፣ በመጨረሻ ጥፋተኛው አንድ የራም ቁራጭ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ አንድም ቀን በሰማያዊ ስክሪን አልቆመም ነበር።

አንዳንድ የፋይል ሥርዓቶች በመዝገባቸው ላይ ማረጋገጫ ድምር (ከይዘቱ ተሰልቶ መለወጡን የሚያጋልጥ ቁጥር) ያስቀምጣሉ፤ ዜድኤፍኤስና ቢቲአርኤፍኤስ ደግሞ የፋይሉን ይዘት ጭምር በዚህ መንገድ ይጠብቃሉ። ይህ በዲስክ ላይ የሚደርስን መበላሸት ለማወቅ እጅግ ይጠቅማል። ድምሩ ከመሰላቱ በፊት በራም ውስጥ ለተበላሸ ነገር ግን ትክክለኛ ማረጋገጫ ይሠራለትና ስህተቱ ማኅተም ተመትቶበት ያልፋል።

ምርመራው እንዲህ ይካሄዳል። ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ላይ ያዘጋጁና ኮምፒውተሩን ከዚያ ያስነሡ። ቢያንስ አራት ዙር እስኪጨርስ፣ ከተቻለም ሌሊቱን ሙሉ ይተዉት፤ አንዳንድ የራም ብልሽት የሚታየው ቁራጩ ከሞቀ በኋላ ነውና የአንድ ዙር ውጤት አያሳምንም። ተቀባይነት ያለው የስህተት ብዛት ዜሮ ብቻ ነው። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ፣ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው የራም ማፍጠኛ በርቶ እንደሆነ ያጥፉትና ይድገሙት፤ ስህተቱ ከጠፋ ራሙ በመደበኛ ፍጥነቱ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ካልጠፋ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ በተለያየ መሰኪያ ላይም እያፈራረቁ ይፈትሹ፤ ስህተቱ ቁራጩን ተከትሎ ከሄደ ራሙ፣ በመሰኪያው ላይ ከቀረ ማዘርቦርዱ ነው።

ሜምቴስት ንጹሕ ሆኖ ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት፣ መላውን መንገድ በአንድ ጊዜ የሚፈትን ቀላል ዘዴ አለ። ከኮምፒውተሩ ራም የሚበልጥ ትልቅ ፋይል ይምረጡና የሻ256 አሻራውን (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ቁጥር) ያውጡ፤ በዊንዶውስ ፓወርሼል ውስጥ «ጌት ፋይልሃሽ» የሚባለው ትእዛዝ ይህን ይሠራል። ከዚያ ያንኑ ፋይል ሳይነኩ አሻራውን አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመው ያውጡ፣ ቅጂውንም ሠርተው የቅጂውን አሻራ ያወዳድሩ። ማንም ያልነካው ፋይል ሁለት የተለያየ አሻራ ከሰጠ የሃርድዌር ችግር መኖሩ ተረጋግጧል፤ ከዚህ በኋላ በሶፍትዌር መድከም አያስፈልግም። ፋይሉ ትንሽ ከሆነ ኮምፒውተሩ በሁለተኛው ጊዜ ከዲስክ ሳይሆን ከራም ላይ ሊያነበው ስለሚችል በየመካከሉ ሪስታርት ያድርጉ።

ሁለት ጸሐፊ በአንድ መዝገብ

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን ከተጫኑ፣ ሃርድዌሩ ሁሉ ጤነኛ ሆኖም መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል አሠራር አለ፤ ይህ በርቶ ሳለ «ሸት ዳውን» ሲባል ዊንዶውስ ከነጭራሹ አይዘጋም፤ የከርነሉን ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል እንጂ። በዚህ መካከል ሊኑክስ ያንኑ ክፍልፋይ ከፍቶ ከጻፈበት፣ ዊንዶውስ ሲነቃ በአእምሮው የያዘው አሮጌ መዝገብ በዲስኩ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ አሮጌውንም በአዲሱ ላይ ይጽፍበታል። መፍትሔው በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ከ«ፓወር ኦፕሽንስ» ገብቶ ይህን አሠራር ማጥፋት ነው። ሃይበርኔት የተደረገ ዊንዶውስም በተመሳሳይ ምክንያት ከሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊነካ አይገባም።

በዚሁ አጋጣሚ በዲቫይስ ማኔጀር የዲስኩን «ፖሊሲስ» ገጽ ይመልከቱ። እዚያ የራይት ካሽ በፈር ፍለሺንግን የሚያጠፋ አማራጭ አለ፤ ፍጥነት ይጨምራል ተብሎ ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ያንሱት። ይህ አማራጭ ሲበራ ዊንዶውስ ዲስኩን «የያዝከውን አሁን ጻፍ» ብሎ ማዘዙን ስለሚተው፣ የጆርናሉ ጥበቃ መሠረቱን ያጣል።

ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ

በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ ላይ የተለመዱት ፋት32 እና ኤክስፋት የሚባሉት የፋይል ሥርዓቶች ጆርናል የላቸውም፤ ስለዚህ «ኢጀክት» ሳይባል የተነቀለ ፍላሽ ቢበላሽ አያስገርምም። በሥርዓት እየተነቀለም ከተበላሸ፣ በተለይም ግማሽ ያህል ከሞላ በኋላ የሚጻፍበት ፋይል ሁሉ የማይከፈት ከሆነ፣ የተጻፈበት መጠን ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ 64 ጊጋባይት ነኝ የሚል፣ ውስጡ ግን 8 ብቻ የሆነ ፍላሽ አለ። ኤች2ቴስትደብልዩ በዊንዶውስ፣ ኤፍ3 በሊኑክስና በማክ ፍላሹን ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያሳያሉ። እንዲህ ያለ ፍላሽ ጥገና የለውም።

ጥገናውና የመጠበቂያው ጊዜ

መንስኤው ከተወገደ በኋላ ብቻ ወደ ጥገናው ይሂዱ። በዊንዶውስ ቼክዲስክን በኤፍ (/f) አማራጭ ማስኬድ መዋቅሩን ያስተካክላል፤ በሊኑክስ ኤፍኤስሲኬ የሚባለው መጠገኛ በሰላም የሚሠራው ክፍልፋዩ በሥራ ላይ ካልሆነ (ማውንት ካልተደረገ) ብቻ ነው፤ በማክ «ዲስክ ዩቲሊቲ» ውስጥ ያለው «ፈርስት ኤይድ» ይህንኑ ያደርጋል። ብዙ ሰው ከቼክዲስክ ጋር የሚያምታታቸው ኤስኤፍሲ እና ዲአይኤስኤም ግን የፋይል ሥርዓቱን አይነኩም፤ የተበላሹ የዊንዶውስ ፋይሎችን በጤነኛ ቅጂ ይተካሉ፤ በመሆኑም ተራቸው ከቼክዲስክ በኋላ ነው። መበላሸቱ ለወራት ሲደጋገም ከቆየ፣ ፋይሎቹን አውጥቶ ክፍልፋዩን እንደ አዲስ ፎርማት ማድረግ ደጋግሞ ከተጣፈ መዝገብ ጋር ከመኖር ይመረጣል፤ ፎርማት ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስህተቱ በየሳምንቱ ይመጣ ከነበረ አንድ ጸጥ ያለ ሳምንት ምንም አያረጋግጥም፤ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይታገሡ። በየወሩ ይመጣ ከነበረ ሦስት ወር ይጠብቁ። በእነዚህ ጊዜያት በየሳምንቱ ቼክዲስክን በስካን (/scan) አማራጭ ያስኪዱ፤ ይህ አማራጭ ክፍልፋዩ በሥራ ላይ እያለ ይፈትሻልና ኮምፒውተሩን ማቆም አያስፈልግም። የስማርቱን አራት ቁጥሮች ከደብተሩ ጋር ያወዳድሩ፣ ቁጥር 55 ዳግመኛ መምጣት አለመምጣቱንም ይከታተሉ። አስቀድመው ያወጧቸውን ፋይሎችም በዚህ ጊዜ ከአሮጌው ባክአፕ ጋር በአሻራ ያወዳድሩ፤ እርስዎ ሳይለውጧቸው አሻራቸው የተለያየ ሆኖ የተገኙትን ሁለቱንም ቅጂ ከፍተው ጤነኛውን ይምረጡ። ይህ ሁሉ ተጠናቆ የመጠበቂያው ጊዜ በሰላም እስኪያልፍ ድረስ አሮጌውን ባክአፕ ከኮምፒውተሩ ነቅለው ያስቀምጡት፤ ቦታ ቢጣበብዎት እንኳ አንድም ፋይል አይሰርዙበት።